የትኛውን እንትን?

በመጀመሪያ የጠፉብኝ ስሞች ናቸው። የሰው ስም፣ የዕቃ ስም፣ የመንገድ ስም። ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ይስቃል፤ ስሙ ግን አልመጣ ይለኛል። ምላሴ ጫፍ ላይ አለ፣ አይወጣም። ቤት ውስጥማ ነገር ሁሉ «እንትን» ሆነ። «እንትኑን ከእንትኑ ላይ አውርድልኝ» እላለሁ። ልጄ አፉ ፈጣን ነው፤ «እማዬ፣ የትኛውን እንትን?» ይለኛል። እንስቃለን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እኔ ጋ ፍርሃት ይቀራል።

ቀጥሎ ንዴት መጣ። እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። በዚያ ሰሞን ግን ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ደሜን ያፈላው ነበር። ሌሊቱም ሌላ ጣጣ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ቦግ ይላል። የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ቤቱ ሰላም ነው፣ ልቤ ግን ይደልቃል። ከዚያ የተናገርኩትን፣ ያልተናገርኩትን፣ መናገር የነበረብኝን እያብሰለሰልኩ ሌሊቱን አነጋዋለሁ።

ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነበር። የወር አበባዬ ይመጣል። አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ግን ይመጣል። ሙቀት የለ፣ ላብ የለ። ስለዚህ ማንም ማረጥን አላነሳም። እኔ የፈራሁት የመርሳት በሽታን ነው። ሌሊት ላይ ስልኬን ከፍቼ ምልክቶቹን እያነበብኩ፣ አንድ በአንድ ራሴ ላይ አገኛቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሐኪም ትልቅ ሰው ናቸው። «ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» አሉኝ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቁም። ሁለተኛዋ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ታይሮይድ፣ ደም ማነስና ቫይታሚን ቢ12 አስመረመረችኝ። ልክ ናት፤ ሦስቱም እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም። ሦስቱም ደህና ሆኑ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «የወር አበባዎስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ስለ ጭንቅላቴ እያወራሁ ይህን የጠየቀኝ ሰው የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ያደግነው ማረጥን ከወገብ በታች ያለ ጉዳይ አድርገን ነው። የወር አበባ ይቆማል፣ መውለድ ያበቃል፣ አለቀ። እኔ ካየሁትና ካነበብኩት ተነስቼ የምለው ሌላ ነው። ማረጥ በትልቁ የአንጎል ጉዳይ ነው። ይህን ስለማናውቅ ብዙዎቻችን የሰውነታችንን ለውጥ የጠባይ ብልሽት አድርገን እንወስደዋለን። «ነጭናጫ ሆንኩ»፣ «ሰነፍ ሆንኩ»፣ «ሆደ ባሻ ሆንኩ» እንላለን። ቤተሰብም ይህንኑ ይደግምልናል።

በሕክምናው አነጋገር አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ሳይመጣ 12 ወር ሲሞላት ነው። አማካይ ዕድሜው 51 ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ የሚታወቅ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሽግግር፣ ቅድመ ማረጥ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በአርባዎቹ አጋማሽ ይጀምራል፤ ዓመታት ይወስዳል። የጭንቅላቱ ምስቅልቅል የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። የወር አበባ እየመጣ፣ ሴትየዋም «እኔማ ገና ነኝ» እያለች።

«ታዲያ ሆርሞኑን በደም አይለኩትም?» ብላ የጠየቀችኝ ጓደኛ አለች። ይለካል፤ ግን በዚህ ዕድሜ ብዙ አይነግርም። የዛሬው ውጤትና የሚቀጥለው ሳምንት ውጤት ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት ዋናው ማስረጃ ዕድሜዋ፣ የወር አበባዋ ጠባይና የምትናገረው ነው። የምትናገረው! እኛ ደግሞ አንናገርም።

ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ማሕፀን፣ ጡት፣ እርግዝና ነው። የኤስትሮጅን ተቀባዮች፣ ማለት ሆርሞኑ ሕዋስ ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ ግን አንጎል ውስጥ በብዙ ቦታ አሉ። አዲስ ነገር መዝግቦ በሚያስቀምጠው ሂፖካምፐስ ውስጥ አሉ። ከግንባር ጀርባ ባለውና ሐሳብ በሚያደራጀው ክፍል ውስጥ አሉ። ፍርሃትና ቁጣ በሚያልፍበት አሚግዳላ ውስጥ አሉ። የሰውነትን ሙቀትና እንቅልፍን በሚያስተዳድረው ሃይፖታላመስ ውስጥም አሉ። ሆርሞኑ የአንጎል ሕዋሳት ግሉኮስን ወደ ኃይል እንዲለውጡ ያግዛል። ስሜትንና ትኩረትን የሚነኩትን ሴሮቶኒንና ዶፓሚንንም ይነካካል። ሐኪሟ ይህን በወረቀት ላይ እየሣለች ስታስረዳኝ የእኔ ጣጣ ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ አየሁት። የጠፉት ስሞች እዚህ። የማንኪያው ድምፅ እዚያ። የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከታች።

ነገሩን የሚያከብደው ኤስትሮጅን በሥርዓት ቀስ እያለ አለመውረዱ ነው። አንድ ወር ሽቅብ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ያሽቆለቁላል። መብራት ጠፍቶ ቢቀር ሻማ ትለኩሺያለሽ፣ ትለምጂዋለሽ። ዕቃ የሚቃጠለው እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር ነው። ብዙ ሴቶች ካረጡ በኋላ ይልቅ ከማረጣቸው በፊት ያሉት ዓመታት የሚከፉባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞንም አብሮ ይወዛወዛል። ሰውነት ከፕሮጄስትሮን የሚሠራው አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎልን የማረጋጋት ሥራ አለው። እሱ ሲዋዥቅ ስሜታቸው የሚናወጥ ሴቶች አሉ። ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው ክፉኛ ይለዋወጥ የነበሩ፣ ከወሊድ በኋላ ድባቴ የያዛቸው ሴቶች በዚህ ዕድሜም ይበልጥ ሊቸገሩ የሚችሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ወራት ያህል ያለ ምክንያት አልቅሻለሁ። ሐኪሟ ይህን ጠይቃኝ ነበር። ለምን እንደጠየቀችኝ የገባኝ በኋላ ነው።

እኔ ላይ ዘግይቶ የመጣው ሙቀትም ቢሆን ምንጩ አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ ውስጥ ኪስፔፕቲን፣ ኒውሮኪኒን ቢ እና ዳይኖርፊን የሚባሉ ኬሚካሎችን የሚያመነጩ ነርቮች አሉ። የሚቆጣጠራቸው ኤስትሮጅን ነው። እሱ ሲጎድል እነዚህ ነርቮች ይገዝፋሉ፣ ከልክ በላይም ይሠራሉ። ነርቮቹ ካረጡ ሴቶች አንጎል ውስጥ መግዘፋቸውን በ1990ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ያሳየችው ናኦሚ ራንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። አንጎል ሰውነቱ የጋለ መስሎት የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ላብ ይመጣል፣ ልብ ይፈጥናል። ስብሰባ ላይ እኔ በወረቀት እያራገብኩ ጎኔ ያለችው ልጅ ሹራቧን ትቆልፋለች። ፌዞሊኔታንት የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው መድኃኒት የሚሠራው እነዚህን ነርቮች በማብረድ ነው። ሆርሞን አይደለም። አልፎ አልፎ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ግን የደም ክትትል ይፈልጋል።

ስብሰባ ካነሳሁ አይቀር አንዱን ልንገራችሁ። ቆሜ የዓመቱን ዕቅድ እያቀረብኩ ነው። የራሴ ሥራ ነው፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። «በዚህ መሠረት የሚያስፈልገን...» አልኩና ቆምኩ። «በጀት» የሚለው ቃል የለም። እንደ ቀልድ የምንጠራው ቃል ጥርግ ብሎ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አየሁ፣ ወረቀቴን አየሁ፣ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው። ከኋላ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቀስ ብሎ «በጀት» አለልኝ። አመሰገንኩት። ያሳመመኝ ድምፁ ነው። አያቱን መንገድ የሚያሻግር ሰው ድምፅ ነበረው።

እዚህ ላይ የሚያጽናና ጥናት አለ። ስዋን የሚባል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ከ3,300 በላይ ሴቶችን በዚህ ዕድሜያቸው ሲከተል የቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጌይል ግሪንዴልና ባልደረቦቿ ከዚሁ ጥናት ከ2,300 በላይ ሴቶችን ለአራት ዓመት እየፈተኑ ያገኙትን አወጡ። ሰው አንድ ዓይነት ፈተና ሲደጋገምለት ውጤቱ ይሻሻላል። ሽግግሩ ውስጥ ያልገቡት ሴቶች እንደተጠበቀው ተሻሻሉ። መሃል ሽግግሩ ላይ ያሉት ግን የመማር ፍጥነታቸው ተያዘ፤ የሚገባቸውን ያህል አልተሻሻሉም። ካረጡ በኋላ የተፈተኑትስ? እንደገና ተሻሻሉ። ማለት ችግሩ የምር ነው፤ ለአብዛኛዋ ሴት ግን ያልፋል። የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ልዩነቱን ሐኪሟ ስታስረዳኝ እንዲህ አለች። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ ስም መጥፋት፣ ወደ ክፍል ገብቶ «ለምን መጣሁ?» ማለት፣ ቆይቶም ትዝ ማለት ይህ የተለመደው ነው። ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል ግራ መጋባት፣ በሚያውቁት መንገድ መጥፋት፣ ሥራን ጨርሶ መሥራት አለመቻል፣ በተለይ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። «ጭጋግ» የሚሉት ይህ የሐሳብ መደብዘዝ ደግሞ ከእንቅልፍና ከሙቀቱ ጋር ቁርኝት አለው። ቺካጎ ያለችው ተመራማሪ ፖሊን ማኪና ባልደረቦቿ ሴቶች ቆዳ ላይ መለኪያ አስረው የሙቀቱን ምልልስ ቆጥረዋል። በመለኪያው ሲቆጠር ሙቀት የሚበዛባቸው ሴቶች ቃላትን በማስታወስ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አላቸው። ሴቶቹ ራሳቸው የሚቆጥሩት ደግሞ መለኪያው ከሚቆጥረው ያንሳል። ይሄ አይገርመኝም። ማጣጣል ለምዶብናል።

ሌላም አለ። ሊሳ ሞስኮኒ የምትመራው የኒውዮርክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የአንጎል ምስል ጥናት፣ ባረጡ ሴቶች አንጎል ውስጥ የኤስትሮጅን ተቀባዮች ገና ካላረጡት ይልቅ በዝተው ማግኘቱን ይናገራል። አንጎል ያነሰችውን ሆርሞን ለመያዝ ብዙ እጅ የዘረጋ ይመስላል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 54 ሴቶች ናቸው የታዩት። ብዙ ሊባልበት አይገባም። እኔን ግን አስደስቶኛል። ዝም ብሎ የሚፈርስ ነገር እንዲህ አያደርግም።

ድባቴውን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው፣ ቅድመ ማረጥ ላይ ያሉ ሴቶች የድባቴ ስጋታቸው ገና ሽግግሩን ካልጀመሩት በ40 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አግኝተዋል። ይህ ማለት ሁሉም ይታመማል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ድባቴ አይዛቸውም። ከዚህ በፊት የያዛት ሴት ግን አስቀድማ ብታውቅ ይጠቅማታል። መልኩም ሁልጊዜ ልቅሶ አይደለም። እኔ ዘንድ የመጣው ጣዕም ማጣት ሆኖ ነው። የምወደው ሰው ደውሎ ስልኩ ሲጠራ «ምነው በዘጋው» ብዬ እቀመጣለሁ። ሞትን መመኘት ከመጣማ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለሰው መናገር፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ሕክምናው ራሱ በዚህ ጉዳይ ሲዋዥቅ ኖሯል። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዕድሜ ማሽቆልቆል ጋር የሚመጣ ልዩ የድባቴ በሽታ አለ አለ። ያ ስያሜ ባረጡ ሴቶች ላይ ሲለጠፍ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከአሜሪካው የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ወጣ፤ ራሱን የቻለ በሽታ ስለመሆኑ ማስረጃ አልነበረምና። መውጣቱ ጥሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ሴቶች የሚሰሙት «ምንም የለብሽም» ሆነ። መጀመሪያ «እብድ ናት»፣ ቀጥሎ «ደህና ናት»። መሃሉ ላይ ያለችው ሴት ሰሚ አጣች።

ሁሉን ነገር ሆርሞን ላይ መለጠፍም አልወድም። ይህ ዕድሜ ወላጅ የሚታመምበት፣ ልጅ ቤት ለቆ የሚወጣበት፣ ሥራ የሚከብድበት ዕድሜ ነው። የእኔ እናት በዚያው ዓመት ታማለች። ከዚህ ውስጥ የቱ ኤስትሮጅን፣ የቱ ሐዘን እንደነበረ ማን ይለያል? ባለቤቴ ስለ ማረጥ ትንሽ ካነበበ በኋላ ደግሞ አዲስ መሣሪያ አገኘ። አንድ ቀን ጮህኩበት። «ሆርሞንሽ ነው እንዴ?» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። የቤቱን ውል እንዲያድስ ለወር ያህል ስወተውተው ከርሜ ቀኑ አልፎበት ነበር። ሆርሞን አልነበረም።

የጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ሲነሳ የብዙ ሰው ፊት ይለወጣል። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይካሄድ የነበረ የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለ ትልቅ ጥናት፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮንን የሚመስል ሰው ሠራሽ ሆርሞን) አብረው የሚሰጡበትን ክፍል ከጊዜው በፊት አቆመ። አንዱ ምክንያት የጡት ካንሰር መጨመሩ ነበር። ዜናው ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ ሴቶች መድኃኒታቸውን ተዉ፣ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ። ቁጥሩን ልብ ያለ ሰው ግን ጥቂት ነው። ጭማሪው ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 8 ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜም 63 ነበር። በዓመቱ ደግሞ ከዚያው ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሴቶች ላይ የመርሳት በሽታ በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ታየ። ያን ውጤት አምጥቶ የሃምሳ ዓመት ሴት ላይ መለጠፍ ግን ልክ አይደለም። ካረጡ ብዙም ሳይቆዩ የጀመሩ ሴቶችን ያየውና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኪፕስ የተባለ ጥናት የማሰብ ችሎታ ላይ ጉዳትም ጥቅምም አላገኘም።

የዛሬው የሐኪሞች አካሄድ ይህን ይመስላል። ዕድሜዋ ከ60 በታች የሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ያልሞላት፣ የሚከለክላት ሕመም የሌለባት፣ ሙቀቱ ያስቸገራት ሴት ላይ በአብዛኛው ጥቅሙ ያመዝናል። የመርሳት በሽታን ለመከላከል ተብሎ ግን አይሰጥም። ሆርሞን ለማይስማማት ወይም ለማትፈልግ ሴት ሌላ መንገድ አለ። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ሙቀቱንም ያበርዳሉ። አስተሳሰብንና ልማድን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምናም ለሙቀቱ፣ ለእንቅልፍና ለስሜት ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው የእንግሊዝ መመሪያ ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። በየማኅበራዊ ሚዲያው «የማረጥ» ተብለው የሚሸጡትን ብልቃጦች ግን እለፏቸው። አብዛኞቹ ከባዶ ኪኒን የተሻለ እንደሚሠሩ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የላቸውም፤ ዋጋቸው ግን አይጣል ነው።

እኔ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኤስትሮጅን ከፕሮጄስትሮን ጋር ጀመርኩ። ማሕፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮኑ ግድ ነው፤ ኤስትሮጅን ብቻውን የማሕፀንን ግድግዳ ያወፍራል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል። መጀመሪያ የተመለሰው እንቅልፌ ነው። ንዴቱ ተከተለ። ቃላቱ የዘገዩት ናቸው፤ አሁንም የሚያመልጡኝ አሉ። ስብሰባ ከመግባቴ በፊት አስፈላጊዎቹን ቃላት ወረቀት ጥግ ላይ እጽፋለሁ። ቃል ሲጠፋኝም «ቃሉ ጠፋኝ» ብዬ እቀጥላለሁ። ስሸፋፍነው ነበር ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ።

አሁን የሚያሳስበኝ የታናሽ እህቴ ጉዳይ ነው። በአርባ ሁለት ዓመቷ በቀዶ ሕክምና ሁለቱም የእንቁላል ማመንጫዎቿ ወጡ። ለእሷ ሽግግር የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ዓመታት የፈጀብኝ መውረድ እሷ ላይ በቀናት ውስጥ ነው የደረሰው። ስለ ቁስሉ በደንብ ነግረዋታል። ስለ አጥንቷም ነግረዋታል። ስለ ስሜቷና ስለ ማስታወሷ ግን የነገራት የለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ሆርሞን መቅረት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከማረጥ በፊት ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች በኋለኛ ዕድሜያቸው የማሰብ ችግርና የመርሳት በሽታ ስጋታቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ዕድሜ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ። መመሪያዎቹ የሚሉት የሚከለክል ሕመም ከሌለ ቢያንስ ተፈጥሯዊው ማረጥ እስከሚመጣበት ዕድሜ ድረስ ሆርሞኑ ይተካ ነው።

ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጥያቄዎቹን አብረን ጻፍን። ወረቀቱ ሞላ። ሳነብላት አቋረጠችኝ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያዩኝም። ከየቱ ልጀምር?»

«ከሆርሞኑ» አልኳት። «እንቅልፍ አልተኛም የሚለውን እዚያው ላይ ጨምሪው። ‹ይሻለኛል› ብለሽ እንዳትጨርሺ ደግሞ።»